ኦብጀክትን ወደ ጽሑፍ፣ ጽሑፍን ወደ ኦብጀክት

አንድ ፕሮግራም ሥራውን ፈጽሞ ሲዘጋ በኮምፒዩተሩ ማኅደረ ትውስታ የነበሩት ኦብጀክቶች አብረው ይጠፋሉ። በቤተ ሙከራ የተሰበሰበ ልኬት እንዲህ እንዳይጠፋብን፣ ሌላ ኮምፒዩተርም እንዲያነበው፣ ወደ ጽሑፍ ልንለውጠው ይገባል። ለዚህ ከሚያገለግሉት ቅርጾች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1998 የጸደቀው ኤክስ.ኤም.ኤል ነው።

«ፔንዱለም» የተሰኘ ኦብጀክት እንውሰድ። ርዝመቱ 0.25 ሜትር፣ የውዝዋዜ ጊዜውም 1.0 ሰከንድ ገደማ ነው። ለጃቫ ቋንቋ የተዘጋጀው ኤክስስትሪም የተባለ ላይብረሪ፣ በአንዲት ትእዛዝ ኦብጀክቱን መርምሮ የእያንዳንዱን መስክ ስም የመክፈቻና የመዝጊያ ምልክት ያደርገዋል፤ ዋጋውንም በመካከላቸው ይጽፋል። በሌላ ትእዛዝ ጽሑፉን አንብቦ ኦብጀክቱን መልሶ ይገነባል። ይሁንና ወደ ጽሑፍ የሚሻገረው የኦብጀክቱ ይዞታ እንጂ ተግባሩ አይደለም፤ የኦብጀክቱ ንድፍ የተጻፈበት ፕሮግራም በተቀባዩ ዘንድ ከሌለ ኦብጀክቱ አይመለስም።

ሁለት ልኬቶች በአንድ የጊዜ መለኪያ የተወሰዱ ቢሆኑስ? እንዲያው ቢገለበጡ አንዱ መሣሪያ ሁለት ሆኖ ይመለሳል። ኤክስስትሪም ግን መሣሪያውን አንድ ጊዜ ብቻ ጽፎ፣ በሁለተኛው ስፍራ ወደ ፊተኛው የሚያደርስ አመልካች ያኖራል።

የራሳችን ፊደልም በዚህ ጉዳይ ታሪክ አለው። በጃቫ አንድን መስክ «ርዝመት» ብሎ በአማርኛ መሰየም ይቻላል። የ1998ቱ የኤክስ.ኤም.ኤል ደንብ ግን የምልክቶችን ስም የወሰነው በዩኒኮድ 2.0 መሠረት ነበር፤ ፊደላችን ዩኒኮድን የተቀላቀለው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በ3.0 ነው። ስለዚህ በምልክቶች መካከል አማርኛ መጻፍ ሲፈቀድ፣ ምልክቶቹን በአማርኛ መሰየም አልተፈቀደም። ይህ እገዳ በመጀመሪያ በ2004 በኤክስ.ኤም.ኤል 1.1፣ በኋላም በ2008 በ1.0 አምስተኛ እትም ተነሥቷል። የቀድሞውን ደንብ የሚከተል ሶፍትዌር ግን ዛሬም እንዲህ ያለውን ሰነድ አይቀበልም። በላይብረሪው ለመስኩ ተለዋጭ ስም መስጠት ከዚህ ችግር ያድናል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ በመመለሻው ጉዞ ላይ ነው። ጽሑፉ የትኛው ኦብጀክት እንደሚፈጠር ስለሚያዝዝ፣ በተንኮል የተዘጋጀ ሰነድ በአንባቢው ኮምፒዩተር ላይ ያልታሰበ ትእዛዝ ሊያስፈጽም ይችላል። በዚህም ምክንያት በ2021 የወጣው የኤክስስትሪም 1.4.18 እትም፣ በግልጽ ከተፈቀዱለት ዓይነቶች በስተቀር እንዳይገነባ ተደርጎ ተዘጋጅቷል። እንግዲህ ልኬቶቻችንን ለመጪዎቹ ተማሪዎች ስናስቀምጥ ይህን የፈቃድ ዝርዝር በጠባቡ መወሰን፣ ምንጩ ያልታወቀ ሰነድንም ሳይመረምሩ አለመመለስ ተገቢ ነው እንላለን።