የታደሰ ሞተር የመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትሮች



በየአጥቢያው ለችግኝ ጣቢያ ክትትል፣ ለምንጭ ኮሚቴዎች ጉብኝትና ለመልእክት የሚያገለግሉት ሞተር ብስክሌቶች በአመዛኙ 100 ወይም 125 ሲሲ የሆነ አነስተኛ ሞተር ያላቸው ናቸው። ከዓመታት አገልግሎት በኋላ ሰማያዊ ጭስ ማውጣት፣ ዘይት ማጉደልና በዳገት ላይ መለገም ይጀምራሉ። ያን ጊዜ በስብሰባ ላይ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ፤ አንደኛው ሞተሩ ይታደስ ወይስ ይሸጥ የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው መታደሱ ካልቀረ ለምን ጉልበት አይጨመርለትም የሚል ነው። ታድሶ ከጋራዥ ከወጣ በኋላ ማን ይንዳው፣ እንዴትስ ይንዳው የሚለው ሦስተኛ ጥያቄ ግን እምብዛም አይነሣም። ለዕድሳት የወጣው ገንዘብ መጥቀሙ ወይም ባክኖ መቅረቱ የሚወሰነው በአብዛኛው በዚህ በሦስተኛው ነው።

ፒስተን በሲሊንደር ውስጥ ሲመላለስ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት መቶኛዎች ብቻ ነው። ይህን ክፍተት የሚዘጉት በፒስተኑ ዙሪያ የሚቀመጡት ቀጫጭን የብረት ቀለበቶች፣ በጋራዥ አጠራር ፋሻዎች፣ ናቸው። እነርሱና ሲሊንደሩ ሲበሉ የተቃጠለው ጋዝ ወደ ታች ያመልጣል፣ ዘይቱም ወደ ላይ ወጥቶ ይቃጠላል፤ ሰማያዊው ጭስ ከዚህ የሚመጣ ነው። በገጠር መንገዶቻችን ለዚህ ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ አቧራ ነው። የአየር ማጣሪያው የተቀደደ ሞተር አሸዋ ያዘለ አየር እየሳበ ራሱን እንደ ሞረድ ይበላል፤ ማጣሪያውን ሳይለውጡ ሞተር ማደስ ጣሪያው እያፈሰሰ ወለል እንደ መወልወል ነው።

በዕድሳት ጊዜ ሲሊንደሩ በማሽን ጥቂት ሰፍቶ ለስፋቱ የሚስማማ አዲስ ፒስተንና ፋሻ ይገጠምለታል። ለዚሁ የሚሠሩት ፒስተኖች ከመጀመሪያው ልክ በ0.25፣ በ0.50፣ በ0.75 እና በ1 ሚሊ ሜትር ይበልጣሉ። የሰፋው ግድግዳ እንዲያብረቀርቅ አይደረግም፤ ሆን ተብሎ እርስ በርሳቸው የሚቆራረጡ ጥቃቅን ጭረቶች ይወጡበታል። ጭረቶቹ በጎድጓዳቸው ዘይት ይይዛሉ፤ በጫፋቸው ደግሞ አዲሱን ፋሻ እየሞረዱ፣ ራሳቸውም እየተሞረዱ፣ ሁለቱ ልክ ለልክ እንዲገጥሙ ያደርጋሉ። ይህ መግጠም በመካኒክ እጅ አይፈጸምም፤ የሚፈጸመው ሞተሩ ሲነዳ ብቻ ነው። ሞተር ማለማመድ፣ ወይም ነባር ሾፌሮች ሮዳጅ የሚሉት፣ ይኸው ነው።

ብዙዎች ማለማመድ ማለት ቀስ ብሎ መንዳት ብቻ ይመስላቸዋል፤ ይህ ግን የነገሩ ግማሽ ነው። ፋሻውን ከግድግዳው ጋር የሚያገናኘው የራሱ መለጠጥ ብቻ ሳይሆን ከጀርባው ገብቶ ወደ ውጭ የሚገፋው የሚቃጠለው ጋዝ ነው። ሞተሩ ግቢ ውስጥ ቆሞ ለሰዓታት ቢሠራ ግፊቱ አነስተኛ ስለሚሆን ፋሻው በሚገባ አይሞረድም፤ ጭረቶቹ በተጋገረ ዘይት ይደፈናሉ፣ ግድግዳው እንደ መስታወት ይለሰልሳል፣ ጭሱም ከዕድሳቱ በኋላ እንደ በፊቱ ይቀጥላል። መድኃኒቱ ፈትቶ እንደገና መጫር ብቻ ነው። በአንጻሩ ከአቅም በላይ ሲጫን ሙቀቱ ይበዛል። ከአሉሚኒየም የተሠራው ፒስተን በሙቀት ሲሰፋ ከብረቱ ሲሊንደር እጥፍ ያህል ይሰፋል፤ ያ ጥቂት መቶኛ ክፍተት ይጠፋና ሞተሩ ይነክሳል። በአንድ አጥቢያ የታደሰ ሞተር በሦስተኛው ቀን ሁለት ሰውና አንድ ጆንያ ዘር ጭኖ ረጅም ዳገት ወጣ፤ ዳገቱ መካከል ላይ ነከሰ። አዲሱ ፒስተን ተጫጭሮ፣ ሲሊንደሩም እንደገና መስፋት አስፈልጎት፣ ወጪው ሁለት ጊዜ ተከፈለ።

ጉልበት የመጨመር ፍላጎት በደጋ ለሚኖር ሰው የሚገባ ነው። በ2,500 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ ሞተሩም ወደ ሩብ የሚጠጋ ኃይሉን ያጣል። ይሁን እንጂ የትኛው ለውጥ ምን እንደሚያስከትል ማወቅ ይገባል። የሲሊንደሩ ስፋት 50፣ የፒስተኑ ምልልስ 49.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ሞተር 97 ሲሲ ይሆናል። በ0.50 ሚሊ ሜትር ቢሰፋ 99 ሲሲ ነው፤ ይህ ዕድሳት ነው፣ ሌላ ነገር መለወጥ አያሻውም። 54 ሚሊ ሜትር የሆነ ሲሊንደር ቢገጠምለት ግን 113 ሲሲ ይሆናል። ብዙ አየር ስለሚስብ በካርቡሬተሩ ያለው የቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳ፣ ጄት የሚሉት፣ ተፈትሾ ካልተስተካከለ ቤንዚን ሊያንሰው ይችላል፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ደግሞ ይግላል። ጉዳዩን የሚያከብደው የመልክዓ ምድራችን ጠባይ ነው። በ2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን የተስተካከለ ካርቡሬተር በጣርማ በር ተሻግሮ ወደ ሸዋ ሮቢት፣ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ፣ ሲወርድ አየሩ ይወፍራል፤ በላይ የበቃው ቤንዚን በታች ያንሳል። ገና ባልተለማመደ ሞተር ይህ አደጋ ነው።

በእኔ አስተያየት ለአጥቢያ አገልግሎት የፋብሪካውን ልክ ጠብቆ ማደስ ይመረጣል። ዳገት ያስቸገረው ከሆነ ሰንሰለቱ የሚዞርበትን የኋላውን መዘውር ከ42 ጥርስ ወደ 44 መለወጥ የመጎተት ኃይሉን 5 ከመቶ ያህል ያሳድጋል፤ ፍጥነቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል፣ ሞተሩ ግን አይነካም። የሞተሩን ይዘት መለወጥ የግድ ቢሆን በሊብሬው ከተመዘገበው ጋር እንዳይጋጭ የሚመለከተው የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤትና የመድን ድርጅቱ አስቀድመው ይጠየቁ።

ማለማመዱ ሲጀመር ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ ተነሥቶ ዘይት የሚያፈስበት ቦታ መኖሩ ይታይ፤ ከዚያ ጠፍቶ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቅ። ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደገም። ቀጥሎ አንድ ሰው ብቻ ተቀምጦበት ያለ ጭነት ይነዳል። እስከ 150 ኪሎ ሜትር የነዳጅ መስጫው ከግማሽ፣ እስከ 500 ደግሞ ከሦስት አራተኛ ባያልፍ ጥሩ ነው፤ በዚህ ወሰን ውስጥ ግን ፍጥነቱ ይለዋወጥ፣ ጥቂት ሰጥቶ መልሶ መልቀቅ ይደጋገም። አንድ ዓይነት ፍጥነት ለረጅም ጊዜ መያዝም ሆነ በከባድ ማርሽ ዳገት ላይ ማስጨነቅ አይገባም። ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚቃጠልባቸው ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ያሏችሁ ደግሞ በረጅም ቁልቁለት ቤንዚን ዘግቶ በማርሽ መውረድን ተጠንቀቁ፤ ቤንዚኑ ሲዘጋ ቅባቱም ይቀንሳልና።

የመጀመሪያው ዘይት ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ይለወጥ። ሲወጣ ብር መሰል የብረት ብናኝ ቢታይበት አትደንግጡ፤ የሞረዱ ፍርፋሪ ነው። ሁለተኛው ለውጥ በ500 ኪሎ ሜትር ይሁን፤ በዚያው ዕለት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ መካኒኩ የቫልቮቹን ክፍተት በአምራቹ መመሪያ መሠረት ይለካ፣ የቴስታታውንም ብሎኖች ይፈትሽ።

ኮሚቴው ከዕድሳቱ በፊት ሊወስናቸው የሚገቡ ነገሮችም አሉ። ሞተሩ ለሁለት ሳምንት ያህል ከሙሉ አገልግሎት ውጭ እንደሚሆን በዕቅድ ይያዝ፤ ስለዚህ በጥምቀት ወይም በዓመታዊ ንግሥ ዋዜማ ማስገባት አይመከርም። በዚያ ጊዜ የሚነዳው አንድ የታወቀ ሰው ይሁን። የሁለት ዘይት ለውጥና የአየር ማጣሪያ ዋጋ ከዕድሳቱ በጀት ጋር አብሮ ይጽደቅ። ነጂው በየቀኑ የሄደውን ኪሎ ሜትርና የዘይቱን መጠን በደብተር ይመዝግብ፤ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላም ዘይቱ መጉደሉን ካላቆመ ሞተሩን ወደ ጋራዡ ለመመለስ ማስረጃው ይህ ደብተር ነው። ጋራዡ በዚህ ሁኔታ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ፈትቶ እንደሚያይ የሚገልጽ ውልም የመጨረሻው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት በጽሑፍ ይፈረም።