ለመጸዳጃ ጕድጓድ የሚሆን አካፋ እንዴት ይመረጣል?

በየቤቱ የመጸዳጃ ጕድጓድ እንዲቈፈር ደጋግመን መምከራችን ይታወሳል። ዳሩ ግን የአካፋው እጀታ በሥራ መካከል ከተሰበረ፥ 2 ወይም 3 ሜትር ሊጠልቅ የሚገባው ጕድጓድ ከጕልበት ሳያልፍ ይቀራል። ጥልቀት በሌለው ጕድጓድ ያለውን ዓይነ ምድር ዝንብ በቀላሉ ታገኘዋለች፤ ከዚያም ተነሥታ በሕፃናት ምግብ ላይ ታርፋለች። ከተቅማጥ ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ስለዚህ የመሣሪያው ምርጫ ራሱ የጤና ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ ብረቱን እንመርምር። በድንጋይ ቀስ ተደርጎ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ቢሰጥ ደኅና ነው፤ የታፈነ ድምፅ ቢሰጥ ግን ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። እጀታው የሚሰካበት የብረቱ አንገትም ረዘም ያለና በሚስማር የጠበቀ ይሁን።

ሁለተኛ እጀታውን እንይ። ወይራ ጠንካራ እንጨት ስለሆነ ይመረጣል። መሥመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ የወረደ፥ ጕጥ የሌለበትና በደንብ የደረቀ መሆን አለበት፤ እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ተኰማትሮ ከብረቱ ይላቀቃልና። ቀለም ጕጡንና ስንጥቁን ስለሚሸፍን ያልተቀባውን መምረጥ ይሻላል። በጠባብ ጕድጓድ ውስጥ ግድግዳ እንዳይነካም ርዝመቱ ከደረት ባይበልጥ መልካም ነው።

በመጨረሻም እጀታውን በእጅ መዳሰስ ያስፈልጋል። ስንጥር በወጋው እጅ ላይ አፈር ሲገባ፥ በአፈር ውስጥ የሚኖረው የመንጋጋ ቆልፍ ተሕዋስ አብሮ ሊገባ ይችላል። እጀታው ሸካራ ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ የተልባ ዘይት ይቀባ።

እንዲህ ያለ አካፋ የያዘ ሰው ጕድጓዱን ከውኃ ምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር አርቆ ይጀምር፤ ከጀመረም ሳይፈጽም እንዳያቆም አደራ እንላለን።