የዳገቱ ባቡር በፎቶግራፍ፦ የአዲስ አበባ–ጂቡቲ መስመር ምስሎች እንደ ታሪክ ማስረጃ

ፎቶግራፍ በታሪክ ጥናት ውስጥ ብዙ ጊዜ የጽሑፍ ማድመቂያ ሆኖ ይቀርባል። ይሁን እንጂ የአንድ ባቡር ምስል የት፣ መቼና ባቡሩ ወደየት ሲጓዝ እንደተነሣ ከታወቀ በሰነድ ያልሰፈረ ነገር ሊናገር ይችላል፤ ካልታወቀ ግን ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ይህ ጽሑፍ በአዲስ አበባ–ጂቡቲ መስመር የተነሡና የሚነሡ የመንገደኛና የጭነት ባቡር ፎቶግራፎች ምን ዓይነት ማስረጃ እንደሚሰጡ፣ ምንስ እንደሚሰውሩ ያብራራል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

መስመሩና ምድሩ

ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡሩን ፈቃድ የሰጡት በ1894 ነበር። ሥራው በ1897 ከጂቡቲ ተጀምሮ ሐዲዱ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር፣ የመስመሩ ርዝመት 780 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይወጣል። አቅጣጫውን የወሰነውም ተራራው ነው። ወደ ሐረር መውጣት አስቸጋሪና ውድ በመሆኑ ሐዲዱ በተራራው ግርጌ አለፈ፤ ድሬዳዋም በዚሁ ምክንያት ተቆረቆረች።

ከአዋሽ እስከ አዲስ አበባ ባለው 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ባቡሩ 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ይወጣል። ዳገት ደግሞ የባቡርን ፍጥነት፣ ርዝመትና የሚጎትተውን ክብደት ይወስናል። ስለዚህ በአንድ ምስል ላይ የሚታዩትን ፉርጎዎች መቁጠር ብቻውን በቂ አይደለም። ያው ቁጥር በሜዳ ላይ ቀላል ጭነትን፣ በዳገት ላይ ግን የሞተሩን የመጨረሻ አቅም ሊያመለክት ይችላል። በፎቶግራፉ ዳር የሚታየው ኮረብታ ከጌጥነት አልፎ የማስረጃው አካል የሚሆነው ለዚህ ነው።

የቆመ ባቡርና የሚጓዝ ባቡር

የቀድሞ የፎቶግራፍ መሣሪያዎች ከባድ ነበሩ፤ የምስል መቀበያ ሳህኖቻቸውም ብርሃንን በዝግታ ይቀበሉ ነበር። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ባቡር በሰከንድ ከ8 ሜትር በላይ ያልፋል። የካሜራው መክደኛ ለ1/25 ሰከንድ ቢከፈት ባቡሩ በዚያች ቅጽበት 33 ሳንቲ ሜትር ያህል ይንቀሳቀሳል፤ ምስሉም ይደበዝዛል። በዚህ ምክንያት ለፎቶግራፍ አንሺ የሚመቸው በጣቢያ የቆመ ባቡር ነበር። ጣቢያ ደግሞ የአቀባበል፣ የሽኝትና የምረቃ ቦታ ነው። በ1929 የተመረቀው የለገሃር ሕንፃ እንዲህ ላለው ምስል የተመቸ መድረክ ሆነ።

ከዚህ የሚከተለው መዛባት ቀላል አይደለም። ባንዲራ የተሰቀለበት ጣቢያ፣ ክብር ልብስ የለበሰ እንግዳና የተሰለፈ ሕዝብ በምስል ይቀራል፤ በሌሊት ዳገት የሚወጣው የጭነት ባቡር፣ ሐዲድ የሚጠግነው ሠራተኛና በበረሃ ያለችው ትንሽ ጣቢያ ግን ከምስሉ ውጭ ይሆናሉ። የምስል አለመኖር የሥራ አለመኖርን አያሳይም።

መንገደኛውና ጭነቱ

በቀድሞው መስመር የመንገደኛ ሠረገላና የጭነት ፉርጎ በአንድ ባቡር የሚቀጠሉበት ጊዜ ነበር። እንዲህ ያለው ምስል የንግዱንና የሰዉን ጉዞ በአንድነት ያሳያል። ሆኖም መንገደኛው በመስኮት ሲታይ፣ ጭነቱ በተዘጋ ፉርጎ ውስጥ ነው። ለምሳሌ ከውጭ የገባ ድር ወደ ሽሮ ሜዳ ሸማ ሠሪ እጅ እንዴት ይደርስ እንደነበር የሚያጠና ሰው ከፉርጎው ምስል የሚያገኘው የመልሱን ግማሽ ብቻ ነው። ቀሪውን በጭነት ደረሰኝ፣ በጉምሩክ መዝገብና በቀድሞ ሠራተኞች ቃል ማሟላት ይኖርበታል።

ጥላውና ሐይቁ

ቀን ያልተጻፈበት ምስልም ፍንጭ አያጣም። ከድሬዳዋ እስከ አዲስ አበባ መስመሩ የሚያልፈው በሰሜን ኬክሮስ 9 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት ገደማ እስከ ነሐሴ የመጨረሻ ሳምንት ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምትሆን ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በሌሎቹ ወራት ወደ ሰሜን ይወድቃል። የሐዲዱ አቅጣጫ ከታወቀ የፉርጎው ጥላ ወቅቱን ለመገመት ይረዳል።

ሁለተኛው ፍንጭ የመልክዓ ምድሩ ለውጥ ነው። በመተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ መጨረሻ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። መስፋፋቱ ሐዲዱንም አውራ ጎዳናውንም አስግቷል። ከአንድ ቦታ በተለያየ ዘመን የተነሡ የባቡር ምስሎች የውኃውን ጠርዝ ከፋንታሌ ተራራ ግርጌ አንጻር ለማነጻጸር ያስችላሉ። ባቡሩን ብሎ የተነሣ ፎቶግራፍ የሐይቁ ታሪክ ምስክር ይሆናል ማለት ነው።

አዲሱ መስመርና የአመዘጋገብ ሥርዓት

በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሲሆን የሐዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ባቡር በ1/1000 ሰከንድ ውስጥ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚያልፍ ዛሬ የሚጓዝ ባቡርን አጥርቶ ማንሣት ይቻላል። የዛሬው ችግር ሌላ ነው። የኤሌክትሪኩ ምሰሶዎችና ሽቦዎች የሠረገላውን ጎን ይከልላሉ፤ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው ባቡር በአመዛኙ ወደ ምዕራብ ስለሚጓዝ ፊቱ ብርሃን የሚያገኘው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጠዋት ከፊት ለፊት ቢነሣ ይጨልማል። ለድልድይ፣ ለጣቢያና ለኃይል ማከፋፈያ ምስል አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ፣ ተለይቶ ለሚታይ መንገደኛና ሠራተኛም ፈቃደኝነትን ማረጋገጥ የጥናቱ አንዱ ክፍል ነው።

ለእያንዳንዱ ምስል ቢያንስ ስድስት ነገሮች መመዝገብ አለባቸው፦ ቀንና ሰዓት፣ ትክክለኛ ቦታ፣ ካሜራው የዞረበት አቅጣጫ፣ የባቡሩ የጉዞ አቅጣጫ፣ የሞተሩ ቁጥርና የሠረገላዎቹ ዓይነትና ብዛት። ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ እንደተዘረጋው ባለ የተራራ መስመር ላይ ደግሞ ሥራው መደበኛ ምልልስ ሳይጠበቅ ቢጀመር፣ ለወደፊቱ ማነጻጸሪያ የሚሆን መነሻ ይገኛል።

አስቸኳዩ ተግባር ግን የነባሮቹ ምስሎች ጉዳይ ነው። በስድስት ኪሎ እንደሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ባሉ ስብስቦችም ሆነ በየቤቱ በተቀመጡ አልበሞች ውስጥ ያለ የባቡር ፎቶግራፍ ስሙን የሚያገኘው ቦታውን በዓይኑ ከሚያውቅ ሰው ነው። አሮጌው ሐዲድ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል አገልግሎት ካቆመ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ኩርባውን ከኩርባ፣ ጣቢያውን ከጣቢያ የሚለዩት ሾፌሮች፣ ፍሬን ያዦችና የሐዲድ ሠራተኞች በሕይወት ሳሉ ካልተጠየቁ፣ ምስሉ ተጠብቆ ቢቆይም እንኳ ማስረጃነቱ ይጠፋል።