ዕቃው አርጅቶ ድምፁ ያላረጀ፦ አኮርዲዮን በገበያ ዓይን

አሮጌ ዕቃ ሁሉ ቅርስ አይደለም፤ ቅርስ የሆነውም ሁሉ ገንዘብ አያመጣም። በአሮጌ የሙዚቃ መሣሪያ ንግድ ብዙ ሰው የሚከስረው ይህን ሲዘነጋ ነው። “ጥንታዊ ነው፣ እንደ ልብ አይገኝም” ስለተባለ ብቻ ይገዛና ሣጥን ታቅፎ ይቀራል። ለመሆኑ የአሮጌን መሣሪያ ዋጋ የሚሸከመው ምንድን ነው? አኮርዲዮንን ያየ መልሱን ያገኛል።

አኮርዲዮን የፒያኖ ቁልፍ ከወናፍ ጋር የተጋባበት መሣሪያ ነው። በጀርመን የሆነር ፋብሪካ በ1857፣ በኢጣሊያ ካስቴልፊዳርዶ ከተማ ደግሞ የፓውሎ ሶፕራኒ ሥራ በ1863 ተመሠረተ (እነዚህና ከታች ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በእኛም አገር ዘመናዊ ሙዚቃ ውስጥ አኮርዲዮን የራሱ ዘመን ነበረው። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ በትከሻ ይያዛል፣ ብቻውን ዜማውንም አጃቢውንም ይጫወታል። ኋላ ኦርጋንና ሌሎች የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች የምሽት ክበቡን ሲቆጣጠሩት አኮርዲዮን ወደ ጓዳ ገባ።

ከጓዳ ካወጡት አንዱ ኃይሉ መርጊያ ናቸው። በ1946 በሸዋ የተወለዱት ኃይሉ አኮርዲዮንን የተማሩት በልጅነታቸው በራሳቸው ጥረት ነው። በኋላ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ይጫወት የነበረው የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ሆኑ። በ1977 ባንዱ “ቼ በለው” የተሰኘውን ሸክላ አወጣ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባንዱ ለሥራ ወደ አሜሪካ ሲሻገር እርሳቸው እዚያው ቀሩ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻቸውን ሆነው ያንን የልጅነት አኮርዲዮን ከሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከሙግ ሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋሕደው “ሸሞንሟናዬ” የተባለውን ካሴት ቀረጹ።

ካሴቱ ጊዜውን ጨርሶ ተረሳ። ኃይሉም በዋሽንግተን ታክሲ እየነዱ ኑሯቸውን ቀጠሉ። ተሳፋሪ ሲጠብቁ ከመኪናቸው የዕቃ መጫኛ ኪቦርድ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። ነገሩ የተለወጠው ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ አሳታሚ ከዚያ ካሴት አንድ ቅጂ ባሕር ዳር ላይ ሲያገኝ ነው። ሰውየው ኃይሉን ፈልጎ አገኛቸው፤ ተስማሙ፤ ሥራው በ2013 በሸክላና በሲዲ እንደገና ወጣ። “ቼ በለው” በ2014 ተከተለ። ኃይሉ ወደ ዓለም መድረክ ተመልሰው በ2018 “ላላ በሉ”ን፣ በ2020 ደግሞ “የኔ ምርጫ”ን አዲስ አሳተሙ።

ነጋዴ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ያስብ። ያ ካሴት እንደ ዕቃ ፕላስቲክና ክር ነው። ገንዘብ የሆነው በውስጡ ያለው ድምፅና የድምፁ ባለቤት መብት ነው። ካሴቱን በእጁ የያዘ ሁሉ የማሳተም መብት የለውም፤ አሳታሚው ከባለቤቱ ጋር ባይዋዋል ኖሮ ንግዱ ንግድ አይሆንም ነበር። በአገራችንም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓ.ም.) ለከዋኙም ለድምፅ ቀረጻው አዘጋጅም የ50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። ስለዚህ አሮጌ ካሴትና ሸክላ የሚሰበስብ ሰው ከዕቃው ይልቅ ውሉን ያስቀድም።

በውጭው ገበያም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ሚኒሙግ የተባለው ሲንተሳይዘር ከ1970 እስከ 1981 ተመርቶ ተቋረጠ። በ1983 ያማሃ ያወጣው ዲኤክስ7 ዲጂታል ኪቦርድ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው እነዚያ አሮጌዎቹ ጊዜ ያለፈባቸው ተባሉ። ይሁን እንጂ ድምፃቸው በተወደዱ ቀረጻዎች ውስጥ ቀርቶ ስለነበር ፈላጊ አላጡም። ኩባንያው ራሱ በ2016 ሚኒሙግን እንደገና ለማምረት ተመለሰ። ዕቃውን በገበያ ያቆየው ዕድሜው ሳይሆን የሚታወቅ ድምፁ ነው።

ወደ ዕቃው ስንመጣ፣ አኮርዲዮን በእኛ አየር የራሱ ጠባይ አለው። ድምፁን የሚያወጡት ቀጫጭን የብረት ምላሶች ናቸው፤ በብዙዎቹ ላይ ምላሶቹ የተያያዙት ከሙጫ ጋር በተቀላቀለ የንብ ሰም ነው። ከጎንደር ተነስቶ ደባርቅን ያለፈ መኪና ሊማሊሞን ወርዶ ዛሪማ ሲደርስ ከደጋ ብርድ ወደ ቆላ ሙቀት ይገባል። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የተዘጋ አኮርዲዮን ሰሙ ይላላል፣ ምላሱም ከቦታው ይንሸራተታል። በአንጻሩ እርጥበት ያለበት መጋዘን ምላሱን ያዝገዋል፣ ቆዳውንም ያሻግተዋል። ስለዚህ በዚህ መስመር የሚጭን ሰው መሣሪያውን ከጣራ ላይ አውርዶ ጥላ ውስጥ ያድርገው።

ገዢ የሚከተለውን ሳያደርግ ገንዘብ አይቁጠር። መጀመሪያ ምንም ቁልፍ ሳይነካ የወናፉን ማሰሪያ ፈትቶ መሣሪያውን ከላይ ይያዘው፤ ወናፉ በራሱ ክብደት ወዲያው ከተዘረጋ አየር ያስወጣል። ቀጥሎ እያንዳንዱን ቁልፍ ወናፉን እየሳበም እየገፋም ይሞክር። ለስቦሹና ለግፊቱ ምላሱ የተለያየ ስለሆነ በአንዱ ጥሩ የሆነ ቁልፍ በሌላው ዲዳ ሊሆን ይችላል። ትልቁ ዓይነት በቀኝ በኩል 41 የፒያኖ ቁልፍ፣ በግራ 120 የባስ ቁልፍ ስላለው ፍተሻው ጊዜ ይወስዳል፤ አይቸኩል። በመጨረሻም የሻጋታ ሽታ ይኑር አይኑር ያሽትት።

ይህን ሁሉ ያለፈ አኮርዲዮን ቢገኝም እንኳ ጠጋኝና ተጫዋች ከሌለ ዋጋው የጌጥ ዋጋ ነው። ኃይሉ መርጊያ አኮርዲዮኑን ከጓዳ ሲያወጡት ጣታቸው አልረሳውም ነበር። ስለዚህ በዚህ ንግድ ትርፍ የሚፈልግ ሰው ዕቃ ከመሰብሰቡ በፊት ምላስ የሚቃኝ ባለሙያና የሚጫወት ልጅ ይፈልግ። እነዚህ ሁለቱ ካሉ አሮጌው ዕቃ ገዢ አያጣም።