ጤነኛ ሰው ለምን ይከፍላል?

«ዘንድሮ አልታመምኩም፤ ታዲያ መዋጮዬ የት ገባ?» የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሲነሳ ይህ ጥያቄ አይቀርም። መድኑ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር አንዷ የምሥራቅ ሐረርጌዋ ደደር ነበረች።

እስቲ ወደ ምዕራብ ሐረርጌ ተሻግረን ሒሳቡን በቦኬ እናስላው። 100 አባወራዎች 500 ብር እያዋጡ 50,000 ብር ሰበሰቡ እንበል። 10 ቤት ሕመም ቢገባ ለእያንዳንዱ 5,000 ብር ይደርሳል። የተመዘገቡት እነዚያ 10ሩ ብቻ ቢሆኑስ? ለእያንዳንዱ ያችው 500 ብር ናት!

ምዝገባው በግለሰብ ሳይሆን በቤተሰብ የሆነው ለዚህ ነው፦ የታመመውን ብቻ መርጦ ማስመዝገብ አይቻልም። ቋቱ ባዶ ከሆነ ጤና ጣቢያው ያከመበትን ሒሳብ አያገኝም፤ መድኃኒት ያልቃል፤ አባሉም ከግል ፋርማሲ ይገዛል። በሚቀጥለው ዓመት ታዲያ ማን ያድሳል? ጤነኛው ሲሸሽ መድኑ ራሱ ይታመማል።