ቫይረስ የሕዋስን አፍ እንዴት ያፍናል?

እ.ኤ.አ. በ1996 የለገስነው ደም ቫይረስ ይኖርበታል ተብሎ በስውር ይጣል እንደነበረ ከታወቀ ወዲህ፣ በኅብረተሰባችን ዘንድ ስለ ቫይረስ በግልጽ መነጋገር ከባድ ሆኖ ቆይቷል። ይሁን እንጂ ከመፍራት ማወቅ ይሻላልና፣ አንዳንድ ቫይረሶች ከካንሰር ጋር ስላላቸው ግንኙነት ባጭሩ እናብራራለን።

በሕዋሳችን ውስጥ አር.ኤን.ኤ. የሚባል መልእክተኛ አለ። የታወቀው ሥራው ፕሮቲን ማሠራት ነው። ፕሮቲን የማያሠሩ፣ ይልቁንም የሌሎችን መልእክት የሚያፍኑ ጥቃቅን አር.ኤን.ኤ.ዎችም አሉ፤ ማይክሮ አር.ኤን.ኤ. ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 ተመራማሪዎች እነዚህን በኤፕስታይን-ባር ቫይረስ ውስጥ አገኙ። ይህ ቫይረስ ከአንዳንድ የዕጢና የጉሮሮ ካንሰሮች ጋር ይያያዛል።

ለቫይረሱ ምን ይጠቅሙታል? ከመልሱ አንዱ የተገኘው እዚሁ ኢየሩሳሌም ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 ከኢትዮጵያ ጎዳና አጠገብ በነቢያት ጎዳና ላይ ሆስፒታል የከፈተው ሐዳሳ ዛሬ በዔን ከረምም ይሠራል። በዚያው ግቢ ባለው የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት የፕሮፌሰር ዖፈር ማንደልቦይም ቡድን ጥናቱን እ.ኤ.አ. በ2009 አወጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕዋስ ሲጠቃ ኤም.አይ.ሲ.ቢ. የተባለ ምልክት በላዩ ላይ ያወጣል፤ ገዳይ የሚባሉት የመከላከያ ሕዋሳትም ምልክቱን አይተው ያጠፉታል። የኤፕስታይን-ባርና የካፖሲ ሳርኮማ ቫይረሶች ማይክሮ አር.ኤን.ኤ. ግን ምልክቱን ይቀንሰዋል። ቤት የገባ ሌባ ባለቤቱ «ኡኡ!» ብሎ ጎረቤት እንዳይጠራ አፉን እንደሚያፍነው ማለት ነው። ሌባው ራሱም ብዙ ዱካ አይተውም፤ መከላከያችን ባዕድ ፕሮቲንን ለይቶ ሲያድን፣ ማይክሮ አር.ኤን.ኤ. ግን ፕሮቲን አይደለምና።

ታዲያ ቫይረሱ ያለበት ሁሉ ካንሰር ይይዘዋል? አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በገቡ ወገኖቻችን ዘንድ የካፖሲ ቫይረስ በብዛት ቢገኝም ካንሰሩ ግን ከሞላ ጎደል አልታየም። ካንሰር እንዲነሳ ረጅም ጊዜ፣ የመከላከያ አቅም መዳከምና ሌሎችም ምክንያቶች መደራረብ አለባቸው።

ለእነዚህ ለሁለቱ ቫይረሶች ክትባት ገና የለም። የጉበት ካንሰር ለሚያስከትለው ሄፓታይተስ ቢ እና የማኅፀን በር ካንሰር ለሚያመጣው ፓፒሎማ ቫይረስ ግን አለ። በእስራኤል የመጀመሪያው ከ1992፣ ሁለተኛው ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለልጆች ይሰጣል። አዋቂ ሆነን የመጣን ግን አልተከተብን ይሆናልና፣ የሄፓታይተስ ቢ የደም ምርመራ እንዲደረግልን የኩፓት ሆሊም ሐኪማችንን እንጠይቅ። መመርመር አያሳፍርም።