በቦሩ ሜዳ ያልተዘጋው ክርክር፤ ስኳት ጉልበት ይጨርሳል?

ቦሩ ሜዳ ሲነሳ ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው የ1870 ዓ.ም. ጉባኤ ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት ሊቃውንቱን አከራክረው የሃይማኖቱን ጭቅጭቅ የዘጉት ከደሴ በስተሰሜን ወጣ ብሎ በሚገኘው በዚህ ሜዳ ነው። ብረት በሚሠሩ ልጆች ዘንድ ግን እስከ ዛሬ ጉባኤ ያላገኘ ሌላ ክርክር አለ። ባርቤል ትከሻ ላይ አድርጎ፣ መቀመጫ ተረከዝ እስኪጠጋ ድረስ ቁጢጥ ብሎ መነሳት (በጂም ቋንቋ ‹‹ስኳት››) ጉልበት ያጠነክራል ወይስ ይጨርሳል?

ክርክሩ የቦሩ ሜዳ ብቻ አይደለም። ደሴም ኮምቦልቻም አዲስ አበባም ያው ነው። በየሰፈሩ አንድ የብረት ቱቦ ይገኛል፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ሲሚንቶ የተሞላ ጣሳ ይተከልና ባርቤል ይሆናል። ልጆቹ ደረት ይሠራሉ፣ ክንድ ይሠራሉ። እግር ላይ ሲደርሱ ግን ‹‹ኧረ ተው፣ አንተ ኳስ ተጫዋች ነህ፣ ጉልበትህን ትጨርሰዋለህ›› የሚል አንድ ጋሼ አይጠፋም። ሌላው ደግሞ ‹‹እሺ ሥራ፣ ግን ግማሽ ድረስ ብቻ ውረድ›› ብሎ ያስታርቃል። ውጤቱን ሜዳ ላይ ታዩታላችሁ፤ ደረቱ እንደ በር የሰፋ፣ እግሩ ግን እንደ ምርኩዝ የቀጠነ አጥቂ!

ለመሆኑ ይህ ፍርሃት ከየት መጣ? አባቶቻችን ያወረሱን አይደለም። የወሎ ገበሬ ቁጢጥ ብሎ ያርማል፣ ቁጢጥ ብሎ ያወጋል፣ ሽንት ቤትም ሲገባ ቁጢጥ ነው። ፍርሃቱ የመጣው ከአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ካርል ክላይን የክብደት አንሺዎችን ጉልበት በመለኪያ ወደ ጎን እየገፋ መረመረና ጥልቅ ስኳት የጉልበት ጅማት ያላላል ሲል ጻፈ። ወሬው እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። አሰልጣኙም የስፖርት መምህሩም ‹‹ከግማሽ በታች እንዳትወርድ›› ማለት ጀመረ፤ ያ ትእዛዝ ነው ባሕር ተሻግሮ እኛ ሰፈር የደረሰው።

ከዚያ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ግን የክላይንን ውጤት መድገም አቃታቸው። እ.ኤ.አ. በ1989 በታተመ ጥናት ተማሪዎች ለስምንት ሳምንት ከፊሎቹ ሙሉ፣ ከፊሎቹ ግማሽ ስኳት ሠሩ። ሲያበቁ ሲለኩ የጉልበታቸው ጅማት አልላላም። እንዲያውም ለዓመታት ከባድ ብረት ያነሱ ስፖርተኞች በአንዳንዱ መለኪያ ከሌላው ሰው የጠበቀ ጉልበት ይዘው ተገኙ።

ነገሩ የሚገባው የጉልበትን አሠራር ላየ ሰው ነው። ኳስ ተጫዋቹን ሁሉ የሚያስለቅሰው የፊት መስቀል ጅማት፣ ማለትም ‹‹ኤሲኤል››፣ በስኳት ጊዜ የሚደርስበት ጫና ትንሽ ነው። ያም ቢሆን የሚበረታው ቁጢጥ ሲባል ሳይሆን ጉልበት ገና ትንሽ እጥፍ ሲል ነው። የጉልበት ሎሚ ላይ የሚያርፈው ጫና ግን እየወረዱ ሲሄዱ ይጨምራል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ጫናው ጫፍ የሚደርሰው ጭን አግድም በሚሆንበት አካባቢ ነው። ከዚያ በታች ሲወረድ ባትና ጭን ይነካካሉ፣ አንዱ ሌላውን እንደ ትራስ ይደግፋል፣ ሸክሙም ሰፋ ባለ ቦታ ይካፈላል። ‹‹ግማሽ ድረስ ብቻ›› የሚለው ምክር እንግዲህ ልጁን አስፈራርቶ የሚያቆመው እዚያው ጫናው ጫፍ ከሚደርስበት ቦታ ላይ ነው።

የባሰው ደግሞ ክብደቱ ነው። ግማሽ የሚወርድ ልጅ ሙሉ ከሚወርደው እጅግ የበለጠ ብረት መሸከም ይችላል፤ ጓደኞቹ ፊት ደግሞ ይሸከማል። እ.ኤ.አ. በ2013 ጀርመኖች ጥናቶቹን ሰብስበው ሲመረምሩ የደረሱበት ድምዳሜ ይኸው ነው፤ ጥልቅ ስኳት በሥርዓት ከተሠራ ጉልበትን አይጎዳም፣ ይልቅ ከአቅም በላይ ክብደት ተጭኖ ሩብ ወይም ግማሽ መውረድ ለጉልበትም ለአከርካሪም በረጅም ጊዜ ያሰጋል።

‹‹ጉልበትህ ከእግር ጣትህ እንዳያልፍ›› የሚለውም ሌላ የጂም አዋጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣ ሙከራ ጉልበታቸው እንዳያልፍ በጣውላ የታገዱ ሰዎች ጉልበታቸው ላይ የሚያርፈው ጫና አንድ አምስተኛ ያህል ቀነሰ፣ ዳሌያቸው ላይ ያለው ግን ወደ አሥር እጥፍ ገደማ አሻቀበ። ከጉልበት የሸሸው ሸክም ወገብ ላይ ወረደ ማለት ነው። እግሩ ረዘም ያለ ልጅ ጉልበቱ ጣቱን ሳያልፍ ቁጢጥ ማለት ራሱ አይሆንለትም።

ክብደት አንሺዎች ግን ሲያረጁ ጉልበታቸው ደህና ነው? እዚህ ላይ ለኳስ ሰው የሚያስደነግጥ ቁጥር አለ። እ.ኤ.አ. በ1995 ፊንላንዶች ዕድሜያቸው ከ45 እስከ 68 የሆኑ የቀድሞ ታላላቅ ስፖርተኞቻቸውን ጉልበት በራጅ አዩ። የመገጣጠሚያ መበላት የተገኘባቸው ከክብደት አንሺዎቹ 31 በመቶ፣ ከሯጮቹ 14 በመቶ፣ ከተኳሾቹ 3 በመቶ ናቸው። ኳስ ተጫዋቾቹስ? 29 በመቶ! አንሺዎቹን የጎዳቸው በተለይ የሰውነታቸው ክብደት ሲሆን ኳስ ተጫዋቾቹን የጎዳቸው ሜዳ ላይ ያገኛቸው የጉልበት ጉዳት ነው። እንግዲህ ‹‹ስኳት ጉልበትህን ይጨርሳል›› የሚለው ጋሼ ራሱ ልጁን በየሳምንቱ ጎርበጥባጣ ሜዳ ላይ ሲያጫውት ምንም አይሰጋም።

የወሎን ገበሬ ስላነሳን ሌላውንም ጎን እንናገር። ቤጂንግ ውስጥ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ተጠንተው እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው ውጤት በወጣትነታቸው በቀን ለሰዓታት ቁጢጥ ይሉ የነበሩት ሰዎች የጉልበት መገጣጠሚያቸው ይበልጥ ተበልቶ ተገኝቷል። ሰዓታት ቁጢጥ ብሎ መዋልና አሥር ጊዜ ወርዶ መነሳት ግን ለየቅል ናቸው።

ወደ ኳሱ እንመለስ። ማይክል ኦውን በ2006 የጀርመኑ ዓለም ዋንጫ ከስዊድን ጋር ጨዋታው ገና በተጀመረ በመጀመሪያው ደቂቃ ማንም ሳይነካው እየተንፏቀቀ ከሜዳ ሲወጣ ያየ አይረሳውም፤ የተበጠሰው ኤሲኤል ነው። ብራዚላዊው ሮናልዶም እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2000 ለኢንተር ሚላን ተቀይሮ በገባ በሰባተኛው ደቂቃ ሮም ላይ ሲወድቅ የነካው ሰው አልነበረም። ጉልበት የሚበጠሰው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው፤ በፍጥነት ሮጦ ድንገት ሲቆሙ፣ ሲታጠፉ፣ ዘልለው በአንድ እግር ሲያርፉና ጉልበት ወደ ውስጥ ሲወድቅ። ያን ጊዜ ጉልበቱን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው የጭንና የመቀመጫ ጡንቻ ነው።

ደሴና ኮምቦልቻን የሚያውቅ ደግሞ የሐረጎን ቁልቁለት ያውቃል። ዳገት ትንፋሽ ይፈጃል፣ ጉልበትን የሚፈትነው ግን ቁልቁለት ነው፤ ጡንቻው እየተለጠጠ ሰውነትን ፍሬን መያዝ አለበትና። ስኳት ሲወርዱ የሚሠራው ሥራ ይኸው ፍሬን መያዝ ነው።

ለዚህም ነው ፊፋ ለአማተር ቡድኖች ያዘጋጀው ‹‹11+›› የተባለ ማሟሟቂያ ውስጥ ስኳትና በአንድ እግር ቁጢጥ ማለት የገቡት፤ ብረት የለውም፣ ኳስና ሜዳ ይበቃዋል። ኖርዌይ ውስጥ 1,892 ታዳጊ ሴት ተጫዋቾች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲታተም ማሟሟቂያውን የሠሩት ላይ የደረሰው ከባድ ጉዳት ካልሠሩት በግማሽ ገደማ ያነሰ ነበር። እዚያው ኖርዌይ በ2004 የሮዘንበርግ ተጫዋቾች ሲለኩ በግማሽ ስኳት ብዙ ክብደት የሚያነሱት በአጭር ርቀት የሚፈጥኑትና ከፍ ብለው የሚዘሉት ሆነው ተገኝተዋል። ፍጥነት የሚወድ አጥቂ ይህችን ልብ ይበል።

ለእኛ ልጆች ነገሩ ከፍጥነትም በላይ ነው። ትልቅ ክለብ ያለ ተጫዋች ኤሲኤሉ ቢበጠስ ክለቡ ያሳክመዋል፣ ዘጠኝ ወር ገደማ ጠብቆ ይመለሳል። የሰፈር ቡድን ልጅ ግን ወጌሻው አሽቶ፣ በፋሻ ጠቅልሎ ‹‹ይሻልሃል›› ይለዋል። ተበጥሶ የተለያየ ጅማት በማሸት አይገጥምም። ቀዶ ጥገናው አዲስ አበባ መመላለስንና ደህና ገንዘብ ይጠይቃል፤ አብዛኛው ያቆማል። ደግሞ ቀዶ ጥገናውን ያገኘ ሰው ሐኪሙ ቀስ በቀስ ከሚያሠራው እንቅስቃሴ አንዱ ምን መሰላችሁ? ያው ስኳት ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ማንም ተነስቶ ብረት ይሸከም ማለት አይደለም። ጉልበቱ የሚያብጥ፣ ሲታጠፍ የሚቆለፍ ወይም ሜኒስከሱ የተቀደደ ሰው መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ጤነኛው ደግሞ ባዶ እጁን፣ ቀጥሎ በባዶ ቱቦ ይጀምር። ተረከዙ ከመሬት ሳይነሳ፣ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ሳይወድቅ፣ ወገቡ ሳይጎብጥ መውረድ እስከቻለበት ይውረድ። ታች ደርሶ እንደ ኳስ ነጥሮ መነሳት ክልክል ነው። ክብደት የሚጨመረው በሳምንታት እንጂ ጓደኛ ሲያጨበጭብ አይደለም። ከጨዋታ በፊት ባለው ቀንም ከባድ ስኳት አይሠራም፤ በማግስቱ እግር አይታዘዝም።

የሲሚንቶው ባርቤል ግን አንድ ጣጣ አለው። ሁለቱ ጣሳዎች እኩል ካልተሞሉ አንድ ወገን ይከብዳል፣ ሰውየው ሳያውቀው ዘንበል ብሎ ይወርዳል፣ ሸክሙ ሁሉ አንድ ጉልበት ላይ ያርፋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቱቦው ላይ ከመተከላቸው በፊት ሁለቱንም ጣሳ ወፍጮ ቤት ወስዶ ማስመዘን።